ሦስት ጣት የሚያስገባ መረብ

ከጊንጪ በላይ፣ ክረምት ሲገባ መኪና በማይወጣው መንገድ ጫፍ፣ ተራራ አናት ላይ አንድ ሐይቅ አለ። እዚያ ከመስከረም እስከ ሰኔ ጠባቂ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠባቂ ስል ጠመንጃ የያዘ ሰው እንዳይታያችሁ። የያዝኩት አንድ ፊሽካ፣ አንድ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ነበር። ፊሽካው የመንግሥት ነው፤ እስክሪብቶዎቹ የራሴ።

ከዚያ በፊት አምቦ ነበርኩ። የመልቀቂያ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ላስቲክ ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ቁጢጥ ብዬ እውል ነበር። ሰውዬው ማንበብ አይከለክልም፤ ዝናብ ሲያስገመግም ግን ከእጅ ላይ ነጥቆ ይጠቀልላል። በዚህ ምክንያት የብዙ መጽሐፍ መጀመሪያ አውቃለሁ፤ መጨረሻቸውን አላውቅም። ግጥም የተማርኩትም ከዚያ ላስቲክ ላይ ነው። አጭር ስለሆነ ሳይነጥቀኝ ያልቃል።

ከእናቴ ቤት ሁለት አጥር አልፎ የሚኖረው ጎረቤታችን የአንድ መሥሪያ ቤት የዓሣ ባለሙያ ነበር። አንድ ቀን አጥራችን ላይ ተደግፎ፣ "የኮንትራት ሥራ አለ" አለኝ። "ሐይቅ መጠበቅ። ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ለሚጽፍ ሰው ይመቻል።"

"ከምን ነው የምጠብቀው ጋሼ?"

"ከሰው ነዋ! ከጅብ መስሎህ ነው?"

የሚጠበቀው ነገር ሁለት ነበር። ሐይቁ በምዕራብ በኩል እንደ ክንድ ታጥፎ ሸምበቆ ውስጥ የሚገባበት ዳር አለ፤ ሰዉ ጓዳው ይለዋል። ዓሣዎቹ የሚራቡት እዚያ ስለሆነ ጓዳው ውስጥ ማንም መረብ እንዳይጥል ተከልክሏል። ከጓዳው ውጭ የአጥማጆች ማኅበሩ አባላት ማጥመድ ይችላሉ፤ ግን ትንንሾቹ ዓሣዎች በቀዳዳው ሾልከው እንዲያድጉ የመረቡ ዓይን ሰፊ መሆን አለበት። ይኸው ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ሕግ ነው።

በመመሪያው ላይ ግን ሦስት ገጽ ሆኗል። የመረቡ ዓይን ስፋት በሴንቲ ሜትር ተጽፏል፤ ሲለጠጥ ይህን ያህል፣ ሳይለጠጥ ያን ያህል እየተባለ። ባለሙያው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ "ይሄን ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ ቆርቆሮ ላይ ጻፍልኝ" አለ። "አንተ ቃል ታውቃለህ።"

በሕይወቴ ሰው ጻፍልኝ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ቀን ያችን ዓረፍተ ነገር ተሸክሜ ከመናኸሪያው እስከ ሁሉቃ ድልድይ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ባለው ማስመሪያ ሦስት ጣቶቼን አስጠግቼ ለካሁ። መሐለኛዎቹ ሦስቱ፣ ጎን ለጎን ሲገጠሙ፣ ልክ መመሪያው ካለው ቁጥር ጋር እኩል መጡ። ደስታዬን አልረሳውም። ቢሮው ውስጥ ቆሜ በነጭ ቀለም ጻፍኩት፦

ሦስት ጣት የማያስገባ መረብ
እዚህ ውሃ አይገባም

ከሥሩ ያንኑ በኦሮምኛ አደረግኩት። ባለሙያው ሁለቴ ጮክ ብሎ አነበበውና "ይሄ ነው እንጂ!" አለ። ለቀበሌው በማኅተም በወጣው ደብዳቤ ላይም ቃል በቃል ያችው ገባች። መመሪያው መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ቤቴ የቆርቆሮ ነበር፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ወደ ሐይቁ የሚከፈት አንድ መስኮት። ከፍታው ብርድ ነው። ጠዋት ጉም ውሃውን ሸፍኖ እስከ ረፋድ አይገፈፍም፤ የምጠብቀውን ነገር ሳላየው የምጠብቅባቸው ሰዓቶች ብዙ ነበሩ። ስልክ የሚሠራው ከቤቱ በስተጀርባ ባለ አንድ ቋጥኝ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። የዚያን ዓመት ደግሞ መንገዱም ኔትወርኩም በየሰበቡ ይዘጋ ስለነበር፣ ቋጥኙ ላይ ወጥቼ ዝም ያለ ስልክ ይዤ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አምቦ ላለ ጓደኛዬ ግጥም በመልእክት እልክለት ነበር። "ቆንጆ ነው" ይላል። ቆይቶ "እሺ" ማለት ጀመረ። ከዚያ ምንም። የጻፍኩትን ለውሃው ማንበብ ለመድኩ። ውሃው ቢያንስ አያዛጋም።

ቆርቆሮው ጥድ ላይ በተመታ በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ከዳር አስጠግተው ወረዱ። የማኅበሩ አባል ናቸው። በዚያ ሐይቅ ከእሳቸው በፊት ታንኳ የያዘ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።

"አካም ቡልቴ፣ ያ ጉርባ" አሉኝ። እንዴት አደርክ፣ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው። "ይሄ ቆርቆሮ ምን ይላል?"

ማንበብ አይችሉም። በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊታቸው አነሱና ሦስት ጣታቸውን አጋጥመው አዩት። ዕድሜ ልክ ገመድና መቅዘፊያ የጎተተ እጅ ነው፤ ጣቶቹ የእኔን ሁለት እጥፍ ይወፍራሉ፤ አንደኛው ጥፍር የለውም።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ከዚህ በፊት የመጡት ቁጥር ተናግረው ነው የሄዱት። ይሄ ይገባኛል።"

ያን ማታ ከደስታዬ የተነሳ እራት አልበላሁም። አንድ ሰው አንብቤለት ገብቶታል። ገጣሚ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

በሳምንቱ ቤታቸው በኩል ሳልፍ የድሮ መረባቸው ጎመን ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ወፍ እንዳይበላባቸው። ስንት ክረምት ቁጭ ብለው በእጃቸው የቋጠሩት መረብ ነው። "ጣቴን አላስገባ አለኝ" አሉ፤ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት እንደሚያወሩ ረጋ ብለው። አዲስ ቋጠሩ። የአዲሱ ዓይን ከመስፋቱ የተነሳ ጉም የሚያጠምዱ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ታንኳቸው ውስጥ አንድ ዓሣ፣ ሲቀናቸው ሁለት ነው። ሁለት ባገኙ ቀን አንዱን ለእኔ ይተዋሉ። አልወስድም ስል፣ "ሕግ አክባሪ ሁለት ነን፤ ለሁለት ይደርሳል" ይላሉ።

ሕጉን የማያከብረው በእኔ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር። ጊንጪ አስፋልት ዳር ዓሣ በገመድ አንጠልጥሎ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ በመስኮት የሚሸጥ። ጎህ ሲቀድ ጉሙን ተገን አድርጎ ጓዳው ውስጥ ይገባል። ጉሙ ሲከፈት አየዋለሁ፤ ፊሽካ እነፋለሁ፤ እሱ እጁን ያወዛውዝልኛል።

"ባርሲሳ!" ይላል ከውሃው ላይ። መምህሩ ማለቱ ነው። "ዛሬስ ምን ጻፍክ? እስቲ ጮክ በል፣ ዓሣዎቹም ይስሙ!"

"ውጣ ከዚያ! ተከልክሏል!"

"ማን ከለከለ?"

"ሕግ!"

"የታለ? ጥራውና ይምጣ!"

አንድ ቀን ጥሎ የሄደውን ቁራጭ መረብ ከሸምበቆው ውስጥ አወጣሁ። አንዲት ቆሮሶ የምትባል ዓሣ ተጠልፋበት ሞታለች። ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው፤ ጫጩቶቹ መዋኘት እስኪችሉ ምግብ አትቀምስም። ከመረቡ ሳላቅቃት አፏ ተከፈተና ቢጫ እንቁላሎቿ መዳፌ ላይ ፈሰሱ። ወደ ውሃው መለስኳቸው። እንደማይተርፉ አውቃለሁ። ግን በመዳፌ ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?

በየሳምንቱ ሪፖርት ጻፍኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰውዬውን ስም፣ ታንኳው የቆመበትን ቦታ። ወደ ጊንጪ በሚወርድ ፈረሰኛ እልካለሁ፤ ከጊንጪ በሚኒባስ አምቦ ይደርሳል። ቋጥኙ ላይ ወጥቼ ስደውል ባለሙያው፣ "ደርሶናል፤ እየታየ ነው" ይለኛል።

"ጋሼ፣ በዓይኔ እያየሁት ነው እኮ።"

"ሞተር ሳይክሏ ነዳጅ የላትም። ሚሊሻዎቹን አነጋግር።"

ሚሊሻዎቹን ሳነጋግር ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይምጣ ይላሉ። መሥሪያ ቤቱ ቀበሌው ይጠይቅ ይላል። ቀበሌው በገበያ ቀን ስብሰባ የለውም፤ ከገበያ ቀን ውጭ ደግሞ ሰው የለውም። በሌሎች ሐይቆች ያሉ ጠባቂዎች ምን እንደሚጽፉ አንዴ ባለሙያውን ጠይቄው ነበር። "በዚህ ሳምንት የታየ ጥፋት የለም ብለው ነው የሚልኩት" አለኝ። ያን ቀን በጣም ተናድጄ ውሃ ዳር ስዞር ዋልኩ። እንዴት ሰው ዓይን እያለው እንዲህ ብሎ ይጽፋል?

በጾም ሰሞን ለሳሙናና ለጋዝ ጊንጪ ወረድኩ። ዓሣ ይፈለጋል፤ አስፋልት ዳር የተንጠለጠለው ሁሉ ከመዳፍ አይበልጥም። የኔ ጓዳ ልጆች ናቸው፤ በመጠናቸው አውቃቸዋለሁ። ምግብ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ የተጠበሰ ዓሣ እንዳለ ነገረችኝ። ከሁለት ወር በላይ ሰው ያበሰለው ትኩስ ምግብ አልበላሁም ነበር። አዘዝኩ። በላሁ። አጥንቱ እንኳ ገና አልጠነከረም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በሚያዝያ መጀመሪያ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሞተሯ ነዳጅ አገኘች። ባለሙያው ከሁለት ሚሊሻ ጋር ጎህ ሳይቀድ ቤቴ ደረሰ። ወጣቱ ከጓዳው ወጥቶ ታንኳውን ዳር ሲያስጠጋ ያዙት። መረቡ ተቀማ፤ ኤግዚቢት ተብሎ ቀበሌው መጋዘን ከማዳበሪያው ጆንያ ጎን ተቀመጠ። ባለሙያው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "አየህ? መንግሥት ይዘገያል እንጂ አይቀርም" ብሎኝ ወደ አምቦ ተመለሰ። ለፍርዱ ቀን እንደሚመጣም ቃል ገባ።

በፍርዱ ቀን አልመጣም። ስብሰባ ነበረበት። ቀበሌው ደጅ፣ ሦስት ሽማግሌ ዳኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ከሳሽ ሆኜ የቆምኩት እኔ ብቻዬን ነኝ።

"ጓዳው ውስጥ መሆኑን ማን አየ?" አሉ መሐል የተቀመጡት።

"እኔ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ እዚያ የሚኖር ሰው የለም።"

"አንድ ሰው ምስክር አይሆንም፤ ይታለፍ። መረቡስ?"

መረቡ መጣ። ዓይኑን አይቶ የማይፈርድ ሰው የለም ብዬ አምኜ ነበር። የኔን ሦስት ጣት ዘረጋሁ፤ አልገባም። ወጣቱ ፈገግ ብሎ ወደ ኋላ ዞረና ሚስቱን ጠራት። በቅርብ ያገባት ቀጭን ልጅ ናት። እየተሽኮረመመች መጥታ ሦስት ጣቷን ወደ መረቡ ዓይን ላከች። ገባ። እስከ ቀለበቷ ድረስ ገባ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ዳኛ እንባቸውን እየጠረጉ ደብዳቤውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ የኔን ዓረፍተ ነገር፣ ከነማኅተሙ። "ጽሑፉ ሦስት ጣት ይላል" አሉ። "የማን ጣት እንደሆነ ግን አይልም። የልጅቱ ጣት ጣት አይደለም እንዴ?"

"የማን ሊሆን ነው ታዲያ፣ የዶሮ?" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ኧረ ለሷስ አራትም ይገባላት ነበር!"

መረቡ ተመለሰለት። ወጣቱ ሲያልፍ በጆሮዬ፣ "ጽሑፍህ ግን ያምራል፤ የምሬን ነው" አለኝ። በሹፈት አልነበረም። ይህ ከሹፈቱ የባሰ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቁባ ሰዲ ሆነ፤ ሦስት ጣት ማለት ነው። እረኛው፣ ፈረሰኛው፣ ለገበያ የሚወርዱ ሴቶች ሳይቀሩ ሦስት ጣታቸውን ከሩቅ አንስተው ሰላም ይሉኛል። ባለሙያውን ስደውልለት ጮኸብኝ። "መመሪያው እኮ በሴንቲ ሜትር ነው! ማን ግጥም አድርገው አለህ?" ያጨበጨበልኝ እሱ ራሱ መሆኑን ብነግረው፣ ወይ አላስታወሰም፣ ወይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መለኪያና አዲስ ደብዳቤ እንደሚልክልኝ ነገረኝ። አልላከም። ከጊንጪ ገበያ የልብስ ሰፊ ሜትር በራሴ ገዛሁና የቆርቆሮውን ጽሑፍ አጥፍቼ በቁጥር ጻፍኩ። ወጣቱ ሜትሩን አንገቴ ላይ ሲያየው ከታንኳው ላይ፣ "ቁባ ሰዲ፣ ሱሪ ልትሰፋልኝ ነው?" አለኝ። መረቡን ግን አላስነካኝም። አዲሱ ቁጥር ማኅተም የለውማ።

ሽማግሌው በግንቦት አንድ ከሰዓት ቆርቆሮው ላይ አዲስ ጽሑፍ አይተው መጡ።

"ይሄ ደግሞ ምን ይላል?"

አነበብኩላቸው።

"ስንት ጣት ነው እሱ?"

መልስ መስጠት ነበረብኝ። ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። "መረብዎ፣ የድሮው፣ አለ እንዴ አባቴ?" አልኳቸው። ጎመኑ ላይ ነው አሉኝ። አብረን ሄድን። ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቆበት፣ ዶሮ በጫጭሮት፣ ግማሹ ተበጣጥሷል። ከደህናው በኩል አንድ ዓይን ወጥሬ ሜትሩን ዘረጋሁበት። ሌላ ዓይን ለካሁ። አምስት ቦታ ለካሁ። የትም ቦታ ከቁጥሩ አላነሰም። በአንዳንዱ እንዲያውም ይበልጥ ነበር።

ዝም ማለት እችል ነበር። ሜትር ማንበብ አይችሉም፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ በዚያ ተራራ ላይ የለም። ጎመኑ መሐል ቆሜ ለረጅም ጊዜ ሜትሩን ስጠቀልል ያዩኝ ነበር።

"ሕጋዊ ነበር" አልኳቸው። "ከመጀመሪያው። መረቡ ምንም ጥፋት የለበትም።"

"ጣቴ አልገባማ።"

"ጣትዎ ወፍሮ ነው አባቴ። ስጽፈው የለካሁት በራሴ ጣት ነው።"

እጃቸውን አዩት። ከዚያ የእኔን አዩት። እጄን ከኋላዬ ደበቅኩት።

"ስትጽፍ የእኔን ዓይነት እጅ አላሰብክም?" አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ለማወቅ ነው የጠየቁኝ።

"አላሰብኩም።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቤታቸው ገቡ። ያን ቀን ደህና ዋል አላሉኝም።

በሦስተኛው ቀን ጉሙ ሲገፈፍ ታንኳቸውን ጓዳው ውስጥ አየሁት። ሸምበቆው ሥር፣ ዓሣዎቹ በሚታቀፉበት ቦታ፣ ጠግነው ያወጡትን የድሮ መረብ ይጥሉ ነበር። እንደ ወጣቱ አልተደበቁም፤ ጉሙ እስኪነሳ የጠበቁ ይመስላል። ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከትቼ መንፋት አቃተኝ። በዳሩ ሮጬ ደረስኩ።

"አባቴ! እርስዎ እንኳ?"

ቀና አሉ። "ጻፈኝ" አሉኝ። "ስሜን ታውቀዋለህ። ያ ልጅ ሲጠራ ሚስቱን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ሲጠሩኝ ብቻዬን እመጣለሁ። ጓዳው ውስጥ ነበርክ ወይ ሲሉኝ ነበርኩ እላለሁ። ምስክር አያስፈልግህም። አንድ ሰው እንኳ ይቀጣ፣ ድካምህ ከንቱ አይቅር።"

እየቀለዱብኝ እንዳልነበር እርግጠኛ ነኝ። ሊረዱኝ ነው የፈለጉት። በዚያ ሐይቅ ላይ ሕግ ቢይዝ የሚይዘው እሳቸውን ብቻ መሆኑን ከእኔ ቀድመው አውቀውታል።

መረቡን ጥለው እስኪጨርሱ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ሲወጡ ታንኳውን አብሬ ሳብኩላቸው።

ከሰዓት ደብተሬን ዘረጋሁ። ቀኑን ጻፍኩ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመረቡን ስፋት በሴንቲ ሜትር ጻፍኩ፤ በዚያ ዓመት ከጻፍኩት ሪፖርት ሁሉ ማንም ሊያስተባብለው የማይችለው እሱ ነበር። ስም ከሚለው ቦታ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። በመስኮቱ በኩል የወጣቱ ታንኳም ወደ ጓዳው ሲገባ ይታየኛል፤ አሁን ለመደበቅም አልደከመም። ገጹን ቀድጄ ምድጃው ውስጥ ከተትኩትና በአዲስ ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ።

በዚህ ሳምንት የታየ ጥፋት የለም።

ለፈረሰኛው ሰጠሁት። ከመስከረም ጀምሮ ለላክኳቸው ሪፖርቶች አንድም የጽሑፍ መልስ አግኝቼ አላውቅም ነበር። ለዚህኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብዳቤ መጣልኝ፤ ክብ ማኅተም ያለበት። በአካባቢው ሕገ ወጥ ዓሣ ማጥመድ እንዲቆም ላደረግኩት ጥረት ምስጋና ይገልጻል፤ ኮንትራቴም ለሚቀጥለው ዓመት እንዲታደስ ሐሳብ ቀርቧል። ቋጥኙ ላይ ወጥቼ አነበብኩት። ለማን እንደምደውል ግን አላወቅኩም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ወረድኩ፤ ኮንትራቱን አላሳደስኩም። ፊሽካውን መለስኩ፤ ሜትሩ እኔ ጋ ቀረ። ዛሬም አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ደስ ሲለኝ፣ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ። ቀጭን ነው።